ባለቤት ያጣ ግመል



የዛሬው ንግግሬ ስለ ግመል ነው። ግመል ሲባል አፋሩ፣ ሶማሌውና ቦረናው ትዝ ይሉናል። እነሱ ዘንድ ግመል ባለቤት አለው፤ ምልክት አለው፤ ቢጠፋ ፈላጊ አለው። እኔ የማወራችሁ ፈላጊ ስለሌለው ግመል ነው። አገሩ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ያለው አውስትራሊያ ነው። የዚህ ሰፊ አገር መካከሉ በረሃ ነው።

ግመል ለዚያ አገር ባዳ ነው። የመጀመሪያው በመርከብ የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1840 ነው። ከዚያ እስከ 1907 ድረስ ከ10,000 እስከ 20,000 የሚሆን ግመል ከሕንድና ከአካባቢው አገሮች ተጓዘ። ሱፉም፣ እህሉም፣ የቴሌግራፉ ሽቦም በግመል ጀርባ ተጫነ። ኋላ መኪና መጣ። በ1920ዎቹ ግመሉ ሥራ ፈታ፤ ጌቶቹም በረሃ ላይ ለቀቁት። የድካሙ ዋጋ ይኸው ነበር!

ግመሉ ግን ተራባ። ቁጥሩ በ9 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ2008 አንድ ሚሊዮን ያህል ነው ተብሎ ተገመተ፤ በኋላ ሲጣራ ግምቱ ዝቅ አለ፤ ቢሆንም ብዙ ነው።

ለመሆኑ ጉዳቱ ምንድን ነው? ዋናው ውሃ ነው። የበረሃው ጥንተ ነዋሪዎች አቦርጂኖች ይባላሉ። በዐለት ጉድጓድ የሚጠራቀም ውሃ አላቸው፤ አንዳንዱ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የተከበረ ቦታ ነው። ድርቅ ሲሆን የተጠማ መንጋ ይመጣል። አንዱ ግመል ባንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። ሲገፋፉ ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀው እዚያው ሞቶ ይበሰብሳል። ውሃው ለሰውም ለአውሬም አይሆንም። በ2009 መጨረሻ ዶከር ሪቨር በተባለች ትንሽ መንደር 6,000 ያህል ግመል ገባና ቧንቧና የውሃ ማጠራቀሚያ ሰባበረ። ሰው ከቤቱ ለመውጣት ፈራ።

«ታዲያ ተኩሶ መጨረስ ነዋ!» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከበረሃው ብዙው በሕግ የአቦርጂኖች መሬት ነው፤ ሳይፈቅዱ አይገባበትም። የእነሱም ሐሳብ አንድ አልነበረም። አንዱ «ውሃዬን አጠፋብኝ፣ ይወገድ» ይላል። ሌላው «ሥጋው ለምን ሜዳ ላይ ይቀራል? ሰብስበን እንሽጠው» ይላል። ክርስቲያን የሆኑት አንዳንዶቹ ደግሞ ግመል ሰብአ ሰገልን የተሸከመ እንስሳ ነው ብለው ያዝኑለታል። ይህን ስሰማ የእኛ አገር እናቶች ትዝ አሉኝ።

ስለዚህ ከ2009 እስከ 2013 ኒንቲ ዋን የተባለ ድርጅት የመራው ሥራ ተካሄደ። ኒንቲ በበረሃው ሰዎች ቋንቋ አዋቂ ማለት ነው። መንግሥት 19 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከብት አርቢዎችና የአቦርጂን ማኅበሮች አብረው ገቡበት። ከመተኮሱ በፊት ከየመንደሩ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነበረ፦ የት ይተኮስ? የት አይተኮስ? የትኛው ውሃ አጠገብ ጥምብ እንዳይወድቅ? እናንተ የግጦሹን ጠብ በሽማግሌ ስትጨርሱ እንደምትውሉት ማለት ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ባለመሬቱ ካልተስማማ ሄሊኮፕተሩ አይነሳም።

በዚህ ሁኔታ 160,000 ያህል ግመል ተወገደ፤ የቀረውም 300,000 ያህል ተገመተ። አብዛኛው ከሄሊኮፕተር የተገደለ ነው። ከፊሉ እየተነዳ ለቄራ ተሸጠ። ሁሉስ ለምን አልተሸጠም? ቄራው ሩቅ ነው፤ መንገድ የለም፤ የመኪናው ኪራይ ከግመሉ ዋጋ ይበልጣል።

የገንዘቡ ዘመን በ2013 አለቀ፤ ግመሉ መራባቱን አልተወም። በደቡብ አውስትራሊያ ሰሜናዊ ምዕራብ ባለው የአቦርጂኖች መሬት ሰዎቹ ለዓመታት ግመል እየሰበሰቡ ይሸጡ ነበር። ድርቁ ሲጠና ግን የሚመጣው መንጋ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በ2020 ጥር ላይ የራሳቸው መሪዎች መክረው ተኳሾች አስጠሩ። በ5 ቀን ውስጥ ከ5,000 በላይ ግመል ተገደለ።