የንግግር ነጻነትና የወሰኑ ዳኛ



ይህ ጉባኤ የተሰበሰበበት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን እኩሌታ የወረሰው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። ስልክን በሽቦ ብቻ ያውቅ ለነበረ ሕዝብ፣ ድምፅ በነፋስ ተሳፍሮ ከአገር አገር መሻገሩ ድንቅ ስለ ነበረ ለመሣሪያው የወጣው ስም ለሰፈሩ ጸና። የኢትዮጵያ ሬዲዮም በ1928 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ቃል እንዲህ በነፋስ መጓዝ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ከበዱ። የንግግር ነጻነት ወሰኑ ምንድን ነው? በወሰኑስ ላይ የሚፈርደው ማን ነው?

ቀደምት ገዥዎች የሕዝቡን ስሜት ለመረዳት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። አዝማሪም በሰምና ወርቅ ሹሙን ሲነካ፣ ሹሙ ወርቁን እያወቀ በሰሙ ያልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የገዥው ትዕግሥት እንጂ የተናጋሪው መብት አልነበረም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» መባሉም ስለዚሁ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርና የጋዜጣ ነጻነትን «በሕግ መሠረት» ፈቀደ። ነገር ግን ይህች አጭር ሐረግ የተፈቀደውን መልሶ ለመከልከል በቂ ሆና ተገኘች። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ። ዘውዱ ከወደቀ በኋላም የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ሁለቱ መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም የማይገናኙ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ዘመን የተነቀፈው ወገን ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ ዳኛ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ29ኛው አንቀጽ፣ ነጻነቱ በሐሳቡ ይዘትና በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ እንደማይችል ደነገገ። ገደብ የፈቀደው የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውንም ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነው፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚያዋርድ የአደባባይ ንግግርም በሕግ እንዲከለከሉ አዘዘ።

ወሰን ማስፈለጉ አያከራክርም። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የሚል ኮሊን ሬዲዮ ዜጎችን «በረሮ» እያለ ለእልቂት አነሣሣ። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. ከሬዲዮው መሥራቾች ሁለቱን፣ ከጋዜጣ አዘጋጆችም አንዱን ጥፋተኞች አለ። በ2000 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ከክሶቹ ከፊሉን ሽሮ ቅጣቱን ቢቀንስም፣ ሦስቱንም በነጻ አላሰናበተም። «ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች» የሚለው አባባል በችሎት ፊት የተረጋገጠ ያህል ነው።

አደጋው የሚመጣው ይህ እውነት ለሌላ ዓላማ ሲውል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ሽብርን «ማበረታታት» ለሚለው ሰፊ ቃል እስከ 20 ዓመት የሚያደርስ እስራት ደነገገ፤ በአዋጁም ጋዜጠኞች ተከሰው ታሰሩ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በአንድ ሕግ አጣመረ። በብሔር ወይም በሃይማኖት ምክንያት ጥላቻን ሆን ብሎ ለሚሰብክ እስከ 2 ዓመት፣ ጥቃት ካስከተለም እስከ 5 ዓመት እስራት መደንገጉ ከሩዋንዳ የተገኘውን ትምህርት የተከተለ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ሲሰራጭ እስከ 3 ዓመት ማስቀጣቱ ግን ጥንቃቄን ይሻል። አዋጁ ሁከት ወይም ጥቃት የማስነሣት ዕድል መኖሩን ቢጠይቅም፣ ጥፋቱ የተገለጠበት ባለሥልጣን አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «ሐሰት ነው» የሚል መሆኑ አይዘነጋም።

የዚህ ሰፈር እድርተኛ ነገሩን ያለ ሕግ ትምህርት ያውቀዋል። ስብሰባ ያወከና ባልንጀራውን የሰደበ አባል በደንቡ ይቀጣል፤ ስለ ሒሳብ የጠየቀ ግን አይቀጣም። ገንዘብ ያዡ ጥያቄው ቢያስቀይመውም ጠያቂውን ራሱ ሊቀጣው አይችልም፤ ዳኛው ጉባኤው ነው።

ዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብም ከዚህ የተለየ መመዘኛ አያስፈልገውም። ሕጉ ጉዳትን ይከልክል እንጂ ነቀፌታን አይከልክል፤ ቃሉ ጠባብና ግልጽ ይሁን፤ ፍርዱንም የተነቀፈው ሹም ሳይሆን ከሹሙ ነጻ የሆነ ፍርድ ቤት ይስጥ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ወሰን የተባለው አጥር ይሆናል፤ እረኛውም ዝም ይላል። እረኛ ዝም ያለባት አገር ደግሞ ሕመሟን የምታውቀው ከተኛች በኋላ ነው።