ወደ ሥሪ ፓዳ የሚያወጣው ደረጃ



በሥሪ ላንካ ደጋማ ክፍል 2243 ሜትር ከፍታ ያለው ሥሪ ፓዳ የተባለ ሾጣጣ ተራራ ይገኛል። በጫፉ ካለው አለት ላይ 1.8 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ የእግር ዱካ የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት አለ። የቡድሃ ተከታዮች የቡድሃ ነው ይላሉ፤ ሂንዱዎች የሺቫ፣ ሙስሊሞች ደግሞ የአባታችን የአዳም ነው ይላሉ። ለየእምነቱ የተለየ መንገድ ግን አልተጠረገም፤ ስለዚህም ለመሐንዲስ ከዱካው ይልቅ የሚያነጋግረው ደረጃው ነው።

መንገዱ ጥንታዊ ነው። በ11ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው ቀዳማዊ ቪጃያባሁ ለተሳላሚዎች ማረፊያ ማሠራቱን አምባጋሙዋ ላይ የሚገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል። በ1344 እ.ኤ.አ. ተራራውን የወጣው የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታም በአለቱ ላይ ደረጃ ተፈልፍሎ፣ የብረት ካስማ ተተክሎ፣ ወጪው የሚይዛቸው ዐሥር ሰንሰለቶች ተንጠልጥለው እንደነበር ጽፏል። ከዚህም የሚልቀው ስለ ሁለቱ መንገዶች የተናገረው ነው፤ ይኸውም አንዱ የአባት፣ ሁለተኛው የእናት መንገድ ይባሉ ነበር። የእናት መንገድ ቀላል ስለሆነ መመለሻ ነበር፤ በእርሱ የወጣ ሰው ግን እንደ ተሳለመ አይቆጠርለትም።

ድካምን መቀነስ ሥራው ለሆነ ሙያ ይህ አስቸጋሪ ፍርድ ነው። ዛሬ ከሃተን በኩል የሚመጣ ተሳላሚ ከ5000 በላይ ደረጃ ይወጣል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ግድም ባለው የስለት ወቅት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራለታል፣ ሻይ ቤቶችም ይከፈታሉ። ለደረጃ አሠራር የታወቀው ልክ፣ የአንዱ ደረጃ ቁመት እጥፍ ከመርገጫው ስፋት ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። በሥሪ ፓዳ ይህ ልክ በሁሉም ቦታ አይጠበቅም፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነውም መውረዱ ነው።

በቻይና ኤሜይ በተባለው የቡድሃ ተከታዮች ቅዱስ ተራራ ላይ በሽቦ ገመድ የሚሳብ መጓጓዣ እስከ ወርቃማው ጫፍ ድረስ ሰው ያደርሳል። ሽማግሌና ድውይ ተጠቅሞበታልና የሚናቅ አይደለም። የሥሪ ፓዳ ጫፍ ግን እጅግ ጠባብ ነው። በወቅቱ ብዙ ሕዝብ ሲመጣ ሰልፉ ከደረጃው ላይ ይቆማል፤ ዳገቱ ራሱ የሰዉን ፍሰት ይመጥናል ማለት ነው። በገመድ የሚጫን ሕዝብ ቢጨመር የሚጠበው መንገዱ ሳይሆን ጫፉ ይሆናል፤ እዚያ ደግሞ ማስፊያ የለም።

እንግዲህ በዚያ የሚፈለገው ትንሽና ተደጋጋሚ ሥራ ነው። የደረጃ ጠላት ውሃ ነው፤ ቦይ ካልተበጀለት ደረጃው ራሱ ቦይ ይሆናል። የላላው ድንጋይ መጥበቅ፣ መደገፊያው ብረት ከዝገት መጠበቅ አለበት። በየመንገዱ የሚጣለው ላስቲክም በየጊዜው መውረድ ይኖርበታል፤ ኬላኒ፣ ካሉና ዋላዌ የተባሉት ወንዞች ከዚያው ደጋ ይነሣሉና።