አንድ ቮልት፣ አንድ ኦክታቭ
ስለ መጀመሪያው የሞግ ሲንተሳይዘር አሠራርና አፈታተን ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



አንድ መሣሪያ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? መለኪያው ትክክል መሆኑን ሲያሳይ ነውን? ወይስ የሚገለገልበት ሰው ሲቀበለው? እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ትሩማንስበርግ በተባለች አነስተኛ ከተማ የተሠራው የሲንተሳይዘር ናሙና ለዚህ ጥያቄ መልካም ምሳሌ ነው።

ሠሪው ሮበርት ሞግ በዚያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው ሲሆን፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን ገና አላጠናቀቀም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ እጅ ሳይነካው የሚጫወቱትን ቴሬሚን የተባለ የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያ ከአባቱ ጋር ይሠራ ነበር። በ1963 መጨረሻ ኸርበርት ዶይች ከተባለ የሙዚቃ መምህርና ደራሲ ጋር ተዋወቀ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሁለቱ በሞግ የሥራ ክፍል አብረው ተቀመጡ።

በዚያ ዘመን የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚደረሰው በቴፕ የተቀዳውን ድምፅ በምላጭ እየቆረጡና እየቀጠሉ ነበር። የድምፅ አመንጪውን ቅጥነትና ውፍረት የሚለውጠው በእጅ የሚዞር ቁልፍ ነበር፤ እጅ ደግሞ ምንም ቢፈጥን በአንድ ጊዜ ከሁለት ቁልፍ በላይ ሊያዞር አይችልም። የሞግ መፍትሔ እጅን በቮልቴጅ መተካት ሆነ። ድምፅ አመንጪውንና ማጉያውን ለየብቻ ሠርቶ፣ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ በሽቦ እንዲቀበል አደረገ። በሴኮንድ ስድስት ጊዜ የሚወዛወዝ ዝግተኛ ሞገድ ወደ አመንጪው ቢገባ ድምፁ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይርገበገባል፤ ወደ ማጉያው ቢገባ ግን ከፍና ዝቅ ይላል። ዕቃው ያው ሆኖ ሳለ የሽቦው አቀጣጠል አዲስ ድምፅ ይወልዳል።

ዋናው ችግር የሰው ጆሮ ነበር። ጆሮ የሚቆጥረው ልዩነትን ሳይሆን እጥፍን ነው፤ ከ220 ኸርዝ ወደ 440፣ ከ440 ወደ 880 ያለው እርምጃ ለጆሮ አንድ ነው። እያንዳንዱ ቮልት 220 ኸርዝ ቢጨምር ኖሮ፣ የመጀመሪያው ቮልት ሙሉ ኦክታቭ፣ ሁለተኛው ግን ከዚያ ያነሰ እርምጃ በሰጠ ነበር። መድኃኒቱ በትራንዚስተሩ ባሕርይ ውስጥ ተገኘ። በተራ የክፍል ሙቀት በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ግፊት 18 ሚሊቮልት ያህል በጨመረ ቁጥር በኮሌክተሩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል። ኋላ በሞግ መሣሪያዎች የጸናው «አንድ ቮልት፣ አንድ ኦክታቭ» የሚለው ደንብ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ቮልቱም በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል ብቻ እንዲከፈል ግዴታ የለበትም፤ የክራር ተጫዋች ጅማቱን በጆሮው እየቃኘ የሚያገኘውን እርምጃ ሁሉ ሊሰጥ ይችላል።

ፈተናው ግን በመለኪያ አላበቃም። ዶይች ድምፁ መነሻና መድረሻ እንደሌለው፣ እንደ ሙዚቃ ይተነፍስ ዘንድ እንደሚያስፈልግ አመለከተ። ሞግም የበር ደወል መጫኛ ከዕቃ መደብር አስገዝቶ ከናሙናው ጋር አገናኘው፤ ሲጫኑት ድምፁ ይነሣል፣ ሲለቁት ይከስማል። ይህን ጉድለት የትኛውም መለኪያ አልነገረውም፤ የነገረው ሙዚቀኛው ነው። በ1965ም ደራሲው ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ የድምፁ መነሣት፣ መብረድ፣ መርጋትና መጥፋት ለየብቻ እንዲወሰን ጠየቀ፤ ይህም አራት ክፍል ያለው አሠራር የሲንተሳይዘር ሁሉ ልማድ ሆነ።

ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም። ያ ጠቃሚ የትራንዚስተር ባሕርይ በሙቀት ይለወጣል። ማካካሻ ካልተደረገለት ለውጡ ለአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ አምስት ዲግሪ ቢጨምር ከመነሻው ሦስት ኦክታቭ ርቆ ያለው ድምፅ ከግማሽ ቶን እኩሌታ በላይ ይዛነፋል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ተጫዋቾች በየጊዜው መቃኘት ነበረባቸው። መሐንዲሱ በጥናት ወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር አድርጎ የሚያየው ነገር፣ በመድረክ ላይ ለቆመው ሰው ኀፍረት ነው።

ናሙናው ዛሬ በሚሺጋን፣ በዲርቦርን ከተማ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል። ለሙያችን የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተጠቃሚው የሚጠራው ለምረቃው ዕለት ሳይሆን፣ ብየዳው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ስሕተትም በርካሽ በሚታረምበት ሰዓት ነው።