እንግዳን ስንቀበል ስለ ባሕሩም እንንገረው

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ባሕር ዳሩ ቤታችሁ አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ በጠየቀን ጊዜ አመንትተን ነበር። ታክሲ ነጂ ብዙ ያወራል እንጂ ንግግር ማድረግ አልለመደም። ሆኖም ልናካፍላችሁ የሚገባ፣ እስከ ዛሬ ለብዙዎቻችሁ ያልነገርናችሁ ጉዳይ ስላለን የሰባታችንንም ቃል በአንድ አፍ ይዘን ቀርበናል።

እንደምታውቁት እኛ በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የምንነዳ ሰባት ጓደኛሞች ነን። አራታችን ቀድሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስንሆን፣ በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) ከተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ በኋላ ትምህርታችንን አቋርጠን በኬንያ በኩል የወጣን ነን። የቀሩት ሦስቱ በዲቪ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ኡበር ወደ ዋሽንግተን ከገባ ወዲህ የታክሲ ሥራ እንደ ድሮው አልሆነም። ስለሆነም ማኅበራችን ሁለተኛ ዓመቱን በያዘበት ወቅት፣ ዕቁባችንን በየተራ ከምንበላው አንድ ላይ እናውለው ብለን ተማከርንና በሜሪላንድ ጠረፍ፣ ኦሽን ሲቲ በምትባለው ከተማ፣ አንዲት አነስተኛ አፓርትመንት ገዛን። በበጋ ለእንግዳ እናከራያለን፤ የማኅበራችን አባል ሲመጣ ደግሞ ዋጋውን ዝቅ እናደርጋለን።

ቦታውን ላላያችሁት፣ ከዋሽንግተን እስከዚያ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ዓርብ ማታ ከተነሣችሁ ግን ሦስት ሰዓት አትበሉ። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1952 በተከፈተውና በ1973 መንታ በተሠራለት የቼሳፒክ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቀረጡን የምትከፍሉት ስትሄዱ ብቻ ነው። ከተማዋ በስተምሥራቅ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ረጋ ያለ የባሕር ወሽመጥ ያለባት ቀጭን የአሸዋ መሬት ናት። ወደ ደቡብ የነበራት መሬት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1933 በተነሣው ማዕበል ተቆርጦ በመሐሉ ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ ማዶ ያለው አሳቲግ ደሴት ነው፤ ልጆቻችን ያለ ባለቤት የሚኖሩትን ፈረሶች ለማየት የሚጓጉለት እርሱን ነው።

እንግዲህ ስለ እንግዳ አቀባበላችን እንነጋገር። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችን በሩ ላይ ቆመው «ቤት ለእንቦሳ!» ሲሉን «እንቦሳ እሰሩ!» ብለን በተቀበልናቸው ቀን፣ ከመካከላችን ዕንባው የመጣ ነበር። በስደት ዓለም ስንት ዓመት የሰው ቤት ስናንኳኳ ኖረን በራችንን ለሰው ከፍተን «ግቡ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። አንሶላ በሳሙና አጥበን፣ ዳቦና ቆሎ አዘጋጅተን፣ ጀበናና ስኒ ደርድረን፣ ማቀዝቀዣውን በውሃ ሞልተን እንጠብቃለን። ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ሥራውን ትቶ ቁልፉን በእጁ ለመስጠት ይሄዳል። ቁልፍን በቁጥር በሚከፈት ሣጥን ትቶ መሄድ ቢቻልም፣ እንግዳን ሣጥን ይቀበለው ለማለት አንጀታችን አልቻለም።

ስሕተትም ሠርተናል። በመጀመሪያው በጋ አንዲት እናት በለመደችው ሥርዓት ቡናዋን ስትቆላ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። እሳት አጥፊዎች መጡ፤ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ወደ ውጭ ወጣ። ዛሬ ቡናውን ከቤታችን ቆልተን እንወስዳለን። ለ6 ሰው በተፈቀደው ቤት 11 ሰው የገባበትም ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት አፍረን ዝም አልን። ጎረቤት ከሰሰን፤ የሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፈልን። እንግዳን «ይህን አታድርግ» ማለት እንደ ነውር የሚቆጠርበት አገር ልጆች ስለሆንን አንደበታችን ይያዛል። ዋናው ጉዳያችንም ከዚሁ የሚነሣ ነው።

ከደብዳቤው በኋላ አንድ ወረቀት በአማርኛ ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍን። ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ፣ ከሰል በበረንዳ ላይ እንዳይቀጣጠል፣ አሸዋ ከእግር ታጥቦ እንዲገባ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። በሁለተኛው በጋ አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር መጡ። በወጣትነታቸው በምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩ ናቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ «ልጆች፣ ይህ ሁሉ ስለ ቤቱ ነው። ስለ ባሕሩ የቱ ላይ ነው የጻፋችሁት?» አሉን። እኛም ሣቅን። «ጋሼ፣ ዕረፍት የመጣ ሰው ምን ብለን እናስፈራራዋለን?» አልናቸው። እርሳቸው አልሣቁም። ወረቀቱም እንደነበረ ተለጥፎ ቀረ።

በሦስተኛው በጋ፣ በሐምሌ ወር፣ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር መጣች። የመጀመሪያው ልጅ የ19 ዓመት ጎረምሳ ሲሆን ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ዋና የተማረው ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ላንጋኖም ሁለት ጊዜ ሄዷል። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎችም ከዚያ የተሻለ አናውቅም። ምጽዋንና አሰብን ያዩት ታላላቆቻችን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ለእኛ ባሕር ማለት ሐይቅ ነበር።

ያን ዕለት ሁለታችን እዚያ ነበርን። ምድጃው እንዴት እንደሚበራ አሳየን፤ ስኳሩንና ቡናውን ጠቆምን፤ «ቤታችሁ ነው፣ እንደ ልባችሁ ሁኑ» አልን። እናቲቱ ቡና ካላፈላሁላችሁ ብላ ስለያዘችን ተቀመጥን። ልጁ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ትንሽ ዋኝቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። «በርታ!» ብለን ሸኘነው። ሰዓቱ በዚህ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። የባሕሩ ጠባቂዎች ሥራቸውን የሚጨርሱት 5 ሰዓት ተኩል ላይ እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ እርሱ አያውቅም። አልነገርነውም።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ታናሽ እኅቱ እየጮኸች መጣች። ስንደርስ ልጁ ከዳር ርቆ ጭንቅላቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ወደ እኛ ለመምጣት በሙሉ ኃይሉ እየዋኘ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኛ ሁለታችንም ዋና አንችልም። እናቲቱ ነጠላዋን ጥላ ወደ ውሃው ስትሮጥ ይዘን አስቀረናት። በሰርፍ ሰሌዳ ላይ ሆኖ በሞገድ የሚጫወት አንድ ፈረንጅ ወጣት ባጋጣሚ በአቅራቢያው ባይኖር ኖሮ ይህን ንግግር ዛሬ አናደርገውም ነበር። ልጁን ሰሌዳው ላይ አስተኝቶ አወጣው። በአምቡላንስ ተወስዶ አንድ ሌሊት ሆስፒታል አደረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ።

በማግሥቱ ያቺ እናት ምን ያለችን ይመስላችኋል? «ወንድሞቼ፣ በቤታችሁ ድንጋጤ አመጣንባችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልን» አለችን። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። ያን ዕለት በቃሉ ልንነግራት አፍረን ዝም አልን፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ቤቷ ድረስ ሄደን የተናገርነው። ዛሬ በእናንተ ፊት ደግመን እንናገረዋለን።

ወገኖቻችን፣ ልጁን የወሰደው ነገር ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አጥንተናል። ከመካከላችን አንዱ አራት ኪሎ ፊዚክስ ሲማር ሞገድን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያውቀው ነበር፤ ይህን ግን አላወቀም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞገድ ውሃውን እየገፋ ወደ ዳር ያመጣዋል። የመጣው ውሃ መመለስ አለበት። ከዳሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ከውሃው በታች የአሸዋ ግድብ አለ። ውሃው በዚያ ግድብ ላይ ክፍተት ሲያገኝ እንደ ጠባብ ወንዝ ሆኖ ወደ ውቅያኖሱ ይፈስሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 8 ጫማ (2.4 ሜትር ያህል) ሊደርስ ይችላል፤ ተቃራኒውን ዋኝቶ የሚያሸንፈው ሰው የለም። በዚህ አገር በባሕር ጠባቂዎች ከሚወጡት ሰዎች ከመቶ 80 የሚበልጡት በዚህ ዓይነት ውሃ የተወሰዱ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው መልኩ ነው። በክፍተቱ በኩል ውሃው ጠለቅ ስለሚል ሞገዱ እዚያ ላይ አይሰበርም። ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሲሆን መካከሉ ጸጥ ያለ ይመስላል። ዋና የማይችል ወይም ገንዳ የለመደ ሰው «ይህ ይሻላል» ብሎ የሚመርጠው ያንኑ ነው። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ስለ አገራችን ወንዝ ቢሆንም፣ የአትላንቲክንም ጠባይ በትክክል ይገልጸዋል።

ስለሆነም ዛሬ እንግዳ ስንቀበል ሥርዓታችንን ለውጠናል። ሻንጣው ከገባ በኋላ፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት፣ እንግዶቻችንን ከነልጆቻቸው ወደ አሸዋው ይዘን እንወርዳለን። ጸጥ ያለውን ውሃ በጣታችን እናሳያቸዋለን። የምንላቸውም የሚከተለውን ነው፦

ጠባቂ በሌለበት ሰዓት እግራችሁ ከአሸዋው አይለይ። በበጋው ወራት ጠባቂዎቹ የሚገኙት ከጠዋቱ 10 እስከ ማታ 5 ሰዓት ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር ከ4 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ስትገቡ በጠባቂው ወንበር ፊት ለፊት ግቡ፤ «ዛሬ ውሃው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ውሃው ከወሰዳችሁ አትታገሉት። ይህ ውሃ ወደ ታች አያሰምጥም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ሰው የሚሞተው ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገል ጉልበቱን ጨርሶ ነው። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፤ እጃችሁን አንሥታችሁ ጩኹ። ዋና የምትችሉ ወደ ዳር ሳይሆን ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፤ ወንዙ ጠባብ ነውና ትወጡለታላችሁ። ከዚያ ወደ ዳር ተመለሱ።

ሌላው ሰው ሲወሰድ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ። አንዱን ለማዳን ገብተው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ጠባቂ ጥሩ፤ ከሌለ 911 ደውሉ፤ ኳስም ሆነ የበረዶ ሣጥን፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት።

ይህን ስንናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ እንግዶች አሉ። አንድ ሰው እንዲያውም «ሰው ለመዝናናት መጥቶ መርዶ ትነግሩታላችሁ?» ብሎናል። ይቀየመን። ተቀይሞ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለስ። ያስተማሩን አዛውንት ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ወረቀታችን ላይ ዛሬ በመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ስለ ባሕሩ ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ልናቀርብ እንወዳለን። በየበጋው አውቶቡስ ተከራይተን ልጆቻችንን ወደ ባሕር እንወስዳለን፤ ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ካለነው ስንታችን ዋና እንችላለን? እጅ አናስወጣችሁም፤ እኛው ራሳችን ከሰባታችን አንዳችን ብቻ ነበርን። ስለዚህ ማኅበሩ ከመጪው ክረምት ጀምሮ በአካባቢያችን በሚገኝ የሕዝብ መዋኛ ለልጆችም ለወላጆችም፣ በተለይም ለእናቶቻችን፣ የዋና ትምህርት እንዲያስጀምር እንጠይቃለን። ለዚህም ሰባታችን ተስማምተን፣ ቤታችን በየዓመቱ በሐምሌ ወር የአንድ ሳምንት ኪራይ ለትምህርቱ መዋጮ እንድትሰጥ ወስነናል። ሐምሌ ዋጋው የሚወደድበት ወር መሆኑን ልብ በሉልን።

የምዝገባው ወረቀት እዚያ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ስም የጻፈው ያ ልጅ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳንጠራው ስለለመነን አንጠራውም። ሁለተኛዋ እናቱ ናት። ከሦስተኛው ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው ያለነው እኛ ሰባታችን ነን። ከአሥረኛው ጀምሮ ያለው ቦታ የእናንተ ነው።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ያጽናልን፤ ለከርሞውም በዓል በሰላም ያድርሰን።