ቀጥቃጩን ማን ሞላው?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በኦሪት በስሙ ተጠርቶ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ የተነገረለት ሰው ማን ነው? ካህን ነው? ንጉሥ ነው? አይደለም፤ ባለ እጅ ነው!

ዘጸአት 31ን ግለጡ። ባስልኤል ይባላል፤ ከይሁዳ ነገድ፣ ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ። ረዳቱ ኤልያብ ከዳን ነገድ ነው። መቅረዙ ከአንድ መክሊት ጥሩ ወርቅ ተሠራ፤ ስድስት ቅርንጫፍ፣ ሰባት መብራት። እንዴት ተሠራ? ተቀጥቅጦ ነው (ዘጸ. 25፥31-39)። ካህኑ አሮን መብራቱን ከማብራቱ በፊት ቀጥቃጩ መዶሻውን ማንሣት ነበረበት።

እኛ ግን “ቀጥቃጭ” የሚለውን ቃል ስድብ አደረግነው። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤላውያን ወናፍ እየነፉ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩልን ኖሩ። ማረሻውን ተቀብለን ሠሪውን “ቡዳ” አልነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ አፋችን ግን አልታረመም። በ1965 ዓ.ም. የእስራኤሉ ሊቀ ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እነዚህን ሰዎች ከዳን ነገድ ናቸው አሉ። የኤልያብ ነገድ ማለት እኮ ነው! በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡት ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ። እነሱ ሄዱ፤ ስድቡ እዚሁ ቀረ።

እዚህ ወሎም አለ። እኔ ራሴ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት የቀጥቃጭ ልጅ ልታገባ ፈለገች። ልጁ ጌታን የሚወድ፣ ኮምቦልቻ ላይ በብየዳ የሚተዳደር ወንድም ነው። ቤተሰቧ “አጥንቱ ይቆጠር” አሉ። እኔ መጋቢው እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ። ጋብቻው ፈረሰ፤ ወንድማችንም ከጉባኤ ጠፋ። እዚህ ደሴ ያለውን የአዳራሻችንን የብረት በር የበየደው እሱ ነው። በየእሑዱ እጄ ያንን በር ይነካል።

ወገኖቼ፣ ጌታችንንም “ይህ ጸራቢው አይደለም እንዴ” ብለው ንቀውታል (ማር. 6፥3)። ቀጥቃጩን የናቀ ማንን እንደናቀ ያስብ!

ዛሬ በዘሩ ወይም በሙያው ያቃለልከው ሰው አለ? ያቃለልሽው አለ? አዳራሽ ገብተን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ደጁን እናንኳኳ። እኔም በዚህ ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ አንተ በመንፈስህ የሞላኸውን እጅ አርክሰናልና ይቅር በለን። ዝም ያለውን አፌን ክፈት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።