ዙሪያው እኩል ነው፤ መሬቱስ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቅርጽ ነው። «ቅርጽ ለገበሬ ምን ይሠራለታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ መሬታችንን የሚነካ ነውና እስቲ አብረን እንየው።

ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ተካፈሉ እንበል። ዙሪያውን በገመድ ለኩት። የታላቁ 200 ሜትር፣ የታናሹም 200 ሜትር ሆነ። «እኩል ነው» ተባባሉ። እውነት እኩል ነው? የታላቁ አራቱም ጎን 50 ሜትር ነው። 50 በ50 ሲባዛ 2500 ካሬ ሜትር፣ ማለት ሩብ ሄክታር ይሆናል። የታናሹ ግን ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 20 ሜትር ነው። ሲባዛ 1600 ብቻ! 900 ካሬ ሜትር ጎደለበት። እህል የሚያበቅለው ስፋቱ እንጂ ዙሪያው አይደለም።

አሁን ደግሞ 12 ሜትር ገመድ እንያዝ። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ብንሠራበት ወደ 7 ካሬ ሜትር ያህል ያቅፋል። አራት ጎኑ እኩል የሆነ ካሬ ብናደርገው 9 ያቅፋል። ስድስት ጎን ስናደርገው ከ10 ያልፋል። ክብ ስናደርገው ከ11 በላይ ይሆናል። ገመዱ ያው ነው፤ ስፋቱ ግን በየቅርጹ ይለያያል።

ስድስት ጎን መሥራት ከባድ አይደለም። ችካል ትከሉ። 2 ሜትር ገመድ እሰሩበትና ዞራችሁ ክብ አስምሩ። ከዚያ በዚያው ገመድ የክቡን መስመር ከነጥብ ወደ ነጥብ ለኩ። በስድስተኛው ከተነሣችሁበት ትደርሳላችሁ።

ይህን ጥበብ ንብም ታውቀዋለች። የማር እንጀራውን ቀዳዳዎች አይታችኋል? ባለ ስድስት ጎን ናቸው። ክብ ቢሆኑ በመካከላቸው ክፍተት ይቀር ነበር። አምስት እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ቢኖራቸውም አይገጥሙም። እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ካላቸው ቅርጾች እርስ በርሳቸው ያለ ክፍተት የሚገጥሙት ባለ ሦስት፣ ባለ አራትና ባለ ስድስት ጎኖቹ ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ጥቂት ሰም የሚፈጀው ባለ ስድስቱ ነው። ቶማስ ሄልስ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1999 እ.ኤ.አ. ከዚህ የሚሻል አከፋፈል እንደሌለ በሒሳብ አረጋገጠ።

በጨንቻ ደጋ የዶርዜ ሰውም ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ እየጎነጎነ፣ ቤቱን ከሥሩ ክብ አድርጎ ይሠራል። በዚያው ግድግዳ ሰፋ ያለ ወለል ያገኛል።

እንግዲህ መሬት ስትካፈሉ ዙሪያውን ለክታችሁ ብቻ አትስማሙ። ማዕዘኖቹ ቀጥ ካሉ ርዝመቱን በወርዱ አባዙ። ማዕዘኑን ለመፈተን ከጥጉ ተነሥታችሁ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ማንበብና ማስላት የተማርነው ወንድም በወንድሙ ላይ ሳያውቅ እንዳይበድል ጭምር ነው።