የትውልድ ሥፍራ አንደበት በብሪታንያ የቴሌቪዥን ድራማ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በብሪታንያ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ለረጅም ዘመን እንደ ትክክለኛ ይቆጠር የነበረው የእንግሊዝ ደቡብ ምሑራን አነጋገር ነበር። የሰሜኑ ሰው ድምፅ ቢሰማ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. የዮርክሽየሩ ተወላጅ ዊልፍሬድ ፒክልስ የቢ.ቢ.ሲ.ን ዜና በአገራቸው ቅላፄ ሲያነቡ ከአድማጮች ተቃውሞ መነሣቱ የልማዱን ሥር መስደድ ያስረዳል።

ይህን ልማድ ያናጋው በመጀመሪያ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የተቋቋመው የንግድ ቴሌቪዥን በየክፍለ ሀገሩ ለሚገኙ ኩባንያዎች ተከፋፈለ፤ ለሰሜን እንግሊዝ የተመደበው ግራናዳም በ1956 ዓ.ም. ከማንቸስተር ሥርጭቱን ጀመረ። ቶኒ ዋረን የተባሉ የ24 ዓመት ወጣት ያደጉበትን ሠፈር ኑሮ ጽፈው ያቀረቡት ለዚህ ጣቢያ ነው። ለ13 ክፍል ብቻ የታሰበው «ኮሮኔሽን ስትሪት» ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስከ ዛሬ አላበቃም።

በዚህ ድራማ ኢና ሻርፕልስን ሆነው እስከ 1980 ዓ.ም. የተጫወቱት ቫዮሌት ካርሰን የማንቸስተር ተወላጅ ነበሩ፤ ሥራውን ሲጀምሩ 62 ዓመታቸው ነበር። ቀደም ሲል በፒክልስ የሬዲዮ ዝግጅት ፒያኖ ይመቱ ስለ ነበር፣ ሁለቱን ዘመናት በአንድ ሕይወት አገናኝተዋል ማለት ይቻላል። ኢና የጸሎት አዳራሽ ጠባቂ ናት፤ ፀጉሯን በመረብ ሸፍና በመጠጥ ቤቱ ጥግ ጥቁር ቢራዋን ይዛ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ትዳኛለች። ሀብትም ሥልጣንም የላትም፤ ያላት ምላሷ ብቻ ነው። ንግግሯ በለንደን አነጋገር ቢተካ ገጸ ባሕርይዋ እንዳለ ይፈርሳል፤ የሰሜኑ ቅላፄ ለእርሷ ጌጥ ሳይሆን መሣሪያዋ ነውና።

ታዲያ ተዋናይ የግድ የቦታው ተወላጅ መሆን አለበትን? በርናርድ ሂል የማንቸስተር ሰው ነበሩ፤ ዝናን ያተረፉት ግን ዮሰር ሂዩዝ የተባለውን የሊቨርፑል ሥራ አጥ ሆነው ነው። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አነጋገራቸው እጅግ የተለያየ ነው፤ ለሊቨርፑል ጆሮ ደግሞ ጥቂት ስሕተት እንኳ አያመልጠውም። ሆኖም በሊቨርፑሉ ተወላጅ በአለን ብሊዝዴል የተደረሰው ባለ 5 ክፍሉ «ቦይስ ፍሮም ዘ ብላክስታፍ» በ1982 ዓ.ም. ሲተላለፍ፣ በአገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሥራ ፈላጊ በነበረበት ሰዓት፣ ዮሰር ላገኘው ሰው ሁሉ የሚደጋግማት የሥራ ልመና የጎዳና አነጋገር ሆነች። ሕዝቡም ድራማውን የራሱ አድርጎ ተቀበለው። ስለዚህ የልደት ቦታ ብቻውን ወሳኝ አይደለም፤ ተዋናዩ ጆሮ ሊኖረው፣ ደራሲውም ሕዝቡን በቅርብ ሊያውቀው ይገባል።

ይህ ሥራ የተዘጋጀው በለንደን ሳይሆን በበርሚንግሃም ነበር። ቢ.ቢ.ሲ. በዚያች ከተማ በ1971 ዓ.ም. ያቋቋመውና በዴቪድ ሮዝ መሪነት ሥራውን የጀመረው የክፍላተ ሀገር ድራማ ክፍል ከዋና ከተማው ርቀው ለሚጽፉ ደራስያን በር ከፍቷል። በጀት ከሚፈቅደውና ጽሑፉን ከሚመርጠው ሰው መካከል የሠፈሩን አነጋገር ሳያስተረጉም የሚሰማ ከሌለ፣ ተዋናዩ ቅላፄውን ቢያሠምርም የሚናገረው ቁም ነገር አይኖረውም።

በ2004 ዓ.ም. ግራናዳ ከለንደኑ ካርልተን ጋር ተዋሕዶ አይ.ቲ.ቪ. የተባለ አንድ ኩባንያ ሆነ። በዚያው ዓመት ቢ.ቢ.ሲ. በበርሚንግሃም የነበረውን የፔብል ሚል ስቱዲዮ ዘጋ፤ ሕንፃውም በማግሥቱ ዓመት ፈረሰ። «ኮሮኔሽን ስትሪት» ግን አሁንም የሚቀረጸው በማንቸስተር አካባቢ ነው።